የመቄዶንያ ልጆች በካናዳ ጦር ውስጥ፦ «ብሔር» የሚለውን ዓምድ በምን ልሙላው?

ሰብለ ከፔዳ (ጥያቄ)

ሰላም ለሁላችሁ። ጥያቄዬ ረዘም ይላል፣ ታገሱኝ።

መጀመሪያ አንድ ነገር ላጥራ። መቄዶንያ ስል አዲስ አበባ ያለውን የአረጋውያን መርጃ ማለቴ አይደለም። ቅዱስ ጳውሎስ በራእይ «ወደ መቄዶንያ ተሻግረህ እርዳን» የተባለለትን አገር ነው። ዛሬ ግማሽ ያህሉ ግሪክ ውስጥ ነው። ሌላው ሰፊ ክፍል ሰሜን መቄዶንያ የሚባል ራሱን የቻለ አገር ሆኗል። ትንሹ ቡልጋሪያ ውስጥ ቀርቷል። ዓመተ ምሕረት የምጽፈው ሁሉ በፈረንጆች ነው።

ባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ የታሪክ ማስተርስ ተማሪ ነኝ። ላጠና የፈለግሁት የእኛኑ ሰዎች ነበር። ከጣና ዙሪያ ተነስተው፣ መረብን ተሻግረው፣ የጣሊያን አስካሪ ሆነው ሊቢያ ድረስ የዘመቱትን። ግን ወረቀታቸው ሮም ነው፣ አስመራ ነው። እንኳን ሮም፣ በዚህ ጊዜ ጎንደር ደርሶ መመለስም ቀላል አይደለም። ስለዚህ ጥያቄውን ሳልለቅ ሰዎቹን ቀየርኩ። እንጀራ ፍለጋ ከአገሩ የወጣ ሰው የባዕድ ጦር ውስጥ ሲገባ «ማን ነህ?» ቢሉት ምን ይመልሳል?

ካናዳ በአንደኛው የዓለም ጦርነት ያዘመተቻቸውን ወታደሮች ፋይል ሙሉ በሙሉ ስካን አድርጋ በነፃ ኢንተርኔት ላይ ለቃዋለች። ከ620,000 በላይ ፋይል ነው። ኔትወርክ ሲኖር ሐይቅ ዳር ካለች ሻይ ቤት ቁጭ ብዬ አወርዳለሁ። ሲጠፋ ያወረድኩትን አነባለሁ።

ታሪኩ ባጭሩ እንዲህ ነው። መቄዶንያ እስከ 1912 ድረስ በኦቶማን ቱርክ ሥር ነበረች። ነሐሴ 1903 ኢሊንደን የሚባለው አመፅ ተነሳ። ቱርክ አመፁን ስትደፈጥጥ ብዙ መንደር ተቃጠለ። ከዚያ በኋላ ወንዱ እየተነሳ ወደ አሜሪካና ካናዳ ጎረፈ። አብዛኛው ሊቀር አልሄደም። ሠርቶ፣ ገንዘብ ይዞ ሊመለስ ነው የሄደው። ቶሮንቶ ቄራ ውስጥ ሠሩ፣ ፋብሪካ ውስጥ ሠሩ፣ አንድ ቤት ተከራይተው ብዙ ሆነው አደሩ። እነሱ እዚያ እያሉ በ1912 እና 1913 የባልካን ጦርነቶች ተካሄዱ። በነሐሴ 1913 ቡካሬስት ላይ በተፈረመው ውል ግሪክ፣ ሰርቢያና ቡልጋሪያ አገራቸውን ተካፈሉት። ሰውየው የቱርክ ተገዥ ሆኖ ከቤቱ ወጣ። ቶሮንቶ ከብት ሲያርድ መንደሩ ግሪክ ሆነ። የጎረቤቱ መንደር ደግሞ ሰርቢያ ሆነ።

ከዓመት በኋላ ታላቁ ጦርነት መጣ። ካናዳ ከእንግሊዝ ጋር ገባች። ቱርክ ከኅዳር 1914 ጀምሮ ጠላት ሆነች። ቡልጋሪያ በጥቅምት 1915 ተከተለች። ሰርቢያ ወዳጅ ነች። ግሪክ እስከ 1917 አጋማሽ ድረስ በይፋ አልገባችም። አንድ ቤት የሚያድሩ፣ አንድ ቋንቋ የሚናገሩ፣ አንድ ቤተ ክርስቲያን የሚያስቀድሱ ሰዎች በወረቀት ላይ ከፊሉ ወዳጅ፣ ከፊሉ ጠላት ሆኑ።

አሁን ወደ ቅጹ ልምጣ። የምልመላ ቅጹ የሚጠይቀው የታወቀ ነው። ስምህ ማን ነው? በየትኛው ከተማ ወይም መንደር፣ በየትኛው አገር ተወለድክ? የቅርብ ዘመድህ ማን ነው፣ የት ይኖራል? ሥራህ ምንድን ነው? አግብተሃል? ቀጥሎ ለንጉሥ ጊዮርጊስ አምስተኛ የታማኝነት መሐላ አለ። ከጀርባው ቁመት፣ የደረት ስፋት፣ የዓይን ቀለምና ሃይማኖት ይመዘገባል። ሃይማኖት ላይ የእንግሊዝ ቤተ ክርስቲያን፣ ፕሬስቢቴሪያን፣ ሜቶዲስት፣ ባፕቲስት፣ ካቶሊክና አይሁድ ተዘርዝረዋል። ኦርቶዶክስ የሚል የለም። የእኛ ሰው «ሌላ» የሚለው ውስጥ ይገባል። ብሔር የሚል ጥያቄ ከነጭራሹ የለም። የቤትህ ቋንቋ ምንድን ነው የሚልም የለም።

እንቅልፍ የነሳኝ አንድ ፋይል ልንገራችሁ። ሰውየው የተወለደው ሌሪን አጠገብ ካለ መንደር ነው። ሌሪን ዛሬ ፍሎሪና የምትባለው የግሪክ ከተማ ነች። አገር የሚለው ላይ «መቄዶንያ» ተብሏል። ሌላ ወረቀት ላይ ያው ሰው «ግሪክ» ሆኗል። ሆስፒታል ሲገባ በተሞላለት ቅጽ ላይ ደግሞ «ቡልጋሪያ» ይላል። እናቱ ያው አንድ እናት ነች፣ መንደሩም ያው ነው። በአንድ ጦርነት ውስጥ ሦስት አገር ተሰጠው።

አድቫይዘሬ ሠንጠረዡ ላይ «ብሔር» የሚል ዓምድ ክፈቺና ለእያንዳንዱ ሰው አንድ ቃል ሙይ ብለውኛል። ሰው ይቆጠራል፣ በመቶኛ ይወጣል፣ ምዕራፉ ያልቃል። እኔ ግን እጄ አልታዘዝ አለኝ። ምን ብዬ ልሙላ? መዝገብ የምታውቁ፣ እነዚህን ሰዎች በቅርብ የምታውቁ፣ እባካችሁ አግዙኝ።

ጡረተኛው ከሽምብጥ

ልጄ ሰብለ፣ ጥያቄሽን ሁለት ጊዜ አነበብኩት።

እኔ ታሪክ አልተማርኩም። ዕድሜዬን የፈጀሁት መዝገብ ቤት ነው። ቅጽ ስሞላ፣ ቅጽ ስፈልግ፣ የሌላ ሰው ጽሕፈት ስፈታ ኖሬያለሁ። ስለዚህ የምነግርሽ ከጠረጴዛው በዚያኛው በኩል ስለነበረው ሰው ነው።

ቅጹን የሞላው ወታደሩ አይደለም። ጸሐፊው ነው። ወታደሩ ከታች ፈርሟል፣ በቃ። ጸሐፊው ደግሞ ከኋላው ሰልፍ አለበት። ሰውየው የነገረውን የመንደር ስም በሕይወቱ ሰምቶት አያውቅም። በጆሮው የመጣለትን ይጽፋል። አገሩን ሲጠይቀው ሰውየው ረጅም ነገር ይጀምራል። «ስወጣ ቱርክ ነበር፣ አሁን ግሪክ ሆኗል ይላሉ፣ እኔ ግን...» መስመሩ አንድ ቃል ነው የሚይዘው።

ይህን የምለው መታወቂያ ላይ «ብሔር» የሚል መስመር በነበረበት ጊዜ ስላየሁ ነው። አባቱ ከወሎ፣ እናቱ ከእንጅባራ፣ እሱ እዚሁ ጊዮርጊስ አጠገብ ተወልዶ ያደገ ልጅ ይመጣል። ሁለቱንም ጻፉልኝ ይላል። ሁለት አይገባም። የአባቱ ይጻፋል። ከዚያ በኋላ ወረቀቱ እሱን ቀድሞት ይሄዳል። ኬላ ላይ ወረቀቱ ይነበባል፣ ሥራ ሲፈልግ ወረቀቱ ይነበባል። እሱ በአፉ የተናገረው የት እንደገባ ማንም አይጠይቅም። አሁን ፋይዳ ላይ ያ መስመር አለመኖሩን ሳይ እኔ በበኩሌ እፎይ ብያለሁ።

ስለዚህ ሦስት ነገር እዪ። አንደኛ፣ ቀኑን። ቡልጋሪያ ጠላት ከመሆኗ በፊት ነው ወይስ በኋላ? ሁለተኛ፣ የእጅ ጽሑፉን። አንድ ጸሐፊ በዚያ ሳምንት የመጡትን ሁሉ «ግሪክ» ብሎ ከሆነ፣ ያ የጸሐፊው ልማድ እንጂ የሰዎቹ ቃል አይደለም። ሦስተኛውና ዋናው ፊርማው ነው። ከመላው ቅጽ ላይ ሰውየው በገዛ እጁ ያስቀመጠው እሱን ብቻ ነው። በምን ፊደል ነው የፈረመው? መስቀል አድርጎ ነው የተወው?

ሰብለ ከፔዳ

ጋሼ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ፊርማውን አልፌው ነበር የምሄደው። ትናንት ማታ ተመልሼ አየሁ። መስቀል ያደረጉ አሉ። በላቲን ፊደል፣ እየተንቀጠቀጠ፣ ስሙን እንደ ሥዕል የሳለ አለ። በስላቭ ፊደል፣ ሲሪሊክ በሚባለው፣ ጥርት አድርጎ የፈረመም አለ። እሱን ሳይ ደነገጥኩ። ሰውየው ማንበብና መጻፍ ይችላል። መንደሩ ውስጥ ትምህርት ቤት ገብቷል። የካናዳው ጸሐፊ ግን ሊያነበው አይችልም።

ደረጀ

ይቅርታ እህቴ፣ ነገሩን አላግባብ ያወሳሰብሽው ይመስለኛል። እነዚህ ሰዎች በዚያ ጊዜ ራሳቸውን ቡልጋሪያዊ ነበር የሚሉት። ቶሮንቶ ላይ በ1910 ያቋቋሙት የቅዱሳን ቄርሎስና ሜቶዲዮስ ቤተ ክርስቲያን የራሱ ስም «መቄዶንያ-ቡልጋሪያ» የሚል ነው። ትምህርት ቤታቸው የቡልጋሪያ ነው። ፊርማው በሲሪሊክ ከሆነ አለቀ፣ ቡልጋሪያዊ ነው። የዛሬውን የስኮፕዬ፣ ማለትም የሰሜን መቄዶንያ ዋና ከተማ፣ ፖለቲካ ወደ 1915 መልሰን አንውሰድ።

ሰብለ ከፔዳ

ወንድም ደረጀ፣ ያነሳኸው እውነት አለው፣ አልሸሸውም። «ቡልጋሪያዊ» የሚለው በብዙ ወረቀት ላይ አለ። ያንን የሚደብቅ ጽሑፍ አልጽፍም።

ግን ሲሪሊክ ስለፈረመ አለቀ የሚለው ላይ ቆም እንበል። ኦቶማን ሕዝቡን ይቆጥር የነበረው በቋንቋ አይደለም፣ በቤተ ክርስቲያን ነው። በ1870 ሱልጣኑ ለቡልጋሪያ የራሷን ቤተ ክርስቲያን ፈቀደ፣ ኤክሳርኬት የሚባለውን። ከዚያ በኋላ መንደሩ ኤክሳርኬቱን ከተከተለ «ቡልጋር» ተብሎ ተመዘገበ። የቁስጥንጥንያውን ፓትርያርክ እንደተከተለ ከቀረ «ሩም» ተባለ፣ ግሪክ ማለት ነው። ሁለቱም መንደር ውስጥ እናቶች ለልጆቻቸው የሚያንጎራጉሩበት ቋንቋ አንድ ሊሆን ይችላል። ኤክሳርኬቱ ትምህርት ቤት ከከፈተ ልጁ ቡልጋርኛ ተማረ። ፓትርያርኩ ከከፈተ ግሪክኛ ተማረ። ፊርማው የሚነግረኝ የትኛው ትምህርት ቤት መንደሩ እንደደረሰ ነው። ልቡን አይነግረኝም።

ደግሞ ሌላ ድምፅም ነበር። ክርስቴ ሚሲርኮቭ የሚባል ጸሐፊ በ1903 በቡልጋሪያ ዋና ከተማ በሶፊያ ባሳተመው መጽሐፍ መቄዶንያውያን የራሳቸው ሕዝብ ናቸው፣ የራሳቸው የጽሕፈት ቋንቋ ይገባቸዋል ብሎ ተከራክሯል። ይኸው ሰው በኋላ ራሱን ቡልጋሪያዊ ብሎ የጻፈበት ጊዜም አለ። የተማረው፣ መጽሐፍ የጻፈው ሰው በአንድ ዕድሜ ውስጥ ሁለቱንም ካለ፣ የቄራ ሠራተኛውን በአንድ ቃል አስሬ መቅበር ያስፈራኛል። ወደ 1915 መልሰን አንውሰድ ያልከው ለሁሉም ይሠራል። ለስኮፕዬም፣ ለሶፊያም፣ ለአቴንስም።

ሄለን ከቶሮንቶ

ሰብልዬ፣ የባሕር ዳር ልጅ ነኝ፣ ድባንቄ ነው ያደግሁት። እዚህ ከመጣሁ ቆየሁ። የምሠራው አረጋውያንን ቤታቸው እየሄዱ መርዳት ነው።

ከምረዳቸው አንዷ የመቄዶንያ ሴት ነበሩ፣ አሁን አርፈዋል። አባታቸው በካናዳ ጦር ፈረንሳይ ዘምቶ የተመለሰ ነው። ሳሎን ውስጥ በካናዳ ዩኒፎርም የተነሳው ፎቶ ነበር። ከአጠገቡ የቅዱስ ኒቆላዎስ ሥዕል። ልጆቻቸው እሑድ ሲሰበሰቡ ክርክር ይነሳል። አንዱ አያታችን ቡልጋሪያዊ ነበር ይላል። አንዷ መቄዶንያዊ ነበር ትላለች። ግሪካዊ ያገባችው ደግሞ ሌላ ነገር ትናገራለች። እኔ አንድ ቀን ሻይ እያፈላሁ እሳቸውን ጠየቅኋቸው። «አባቴ የዤሌቮ ሰው ነበር» አሉኝ። ደጋግሜ ብጠይቅም ከዚያ አላለፉም። ዤሌቮ መንደሩ ነው።

ይህ የእሳቸው ብቻ አይደለም። እዚህ ቀድመው የመጡት ሰዎች ሲደራጁ በየመንደራቸው ነው የመረዳጃ ማኅበር ያቋቋሙት። ሰው ሲሞት የሚቀብር፣ ሲታመም የሚረዳ፣ ልክ እንደ እድራችን። ወታደሩን «ማን ነህ» ብለሽ በራሱ ቋንቋ ብትጠይቂው መጀመሪያ የሚመጣልሽ የመንደሩ ስም ይመስለኛል። ሠንጠረዥሽ ላይ መንደር የሚል ዓምድ አለ? ከሌለ ከሁሉ አስቀድመሽ እሱን ክፈቺ።

አንድ ችግር ግን ይገጥምሻል። ግሪክ በ1920ዎቹ መገባደጃ ላይ የመንደሮቹን ስም ቀይራለች። ዤሌቮ አንታርቲኮ ሆኗል። በዛሬ ካርታ ብትፈልጊ አታገኚውም። የሰው ስምም እንዲሁ ነው። ልክ እንደ እኛ በአባት ወይም በአያት ስም ነበር የሚጠሩት። እዚህ መጥተው መጨረሻው ላይ «ኦፍ» ተጨመረበት። ግሪክ የቀሩት ወንድሞች የግሪክ ቅጥያ ተሰጣቸው። ሰርቢያ የደረሳቸው «ኢች» ተባሉ። የአንድ አባት ልጆች በሦስት ስም ተመዘገቡ።

ደግሞ ዛሬም ጉዳዩ እሳት ነው። ከ1910ሩ ቤተ ክርስቲያን ሌላ በ1960ዎቹ የተሠራ የቅዱስ ክሌመንት ዘኦህሪድ ካቴድራል አለ፣ ከስኮፕዬዋ ቤተ ክርስቲያን ጋር የሆነ። አያቶቻቸው አንድ ቤት ያደሩ ሰዎች የልጅ ልጆች ዛሬ ሁለት ቦታ ያስቀድሳሉ። የምትጽፊውን ሁለቱም ወገን ያነቡታል ብለሽ ጻፊ። የሰው አባት ነው የምትመዘግቢው።

ሰብለ ከፔዳ

ሄሉ፣ አስለቀስሽኝ። እናትሽን ደህና ያቆይልሽ።

ዤሌቮን በአዲሱ ስሙ ፈልጌ በካርታ አገኘሁት። ከፕሬስፓ ሐይቅ ብዙ አይርቅም። በትንሿ ፕሬስፓ ደሴት ላይ የ10ኛው ክፍለ ዘመን ቤተ ክርስቲያን ፍርስራሽ አለ፣ የቅዱስ አኪሌዎስ። የደሴት ቤተ ክርስቲያን ያለው ሐይቅ ዳር ያደጉ ሰዎች መሆናቸውን ሳውቅ ጭራሽ ቀረቡኝ።

አንድ ነገር ልጨምር። ጋሼ ቀኑን እዪ ያሉኝ ለምን እንደሆነ አሁን በደንብ ገባኝ። ካናዳ በዚያ ጦርነት 8,579 ሰው በካምፕ አስራለች። ከ80,000 በላይ ሰው ደግሞ እየቀረበ እንዲመዘገብ አስገድዳለች። አብዛኞቹ ከኦስትሪያ-ሃንጋሪ የመጡ ዩክሬናውያን ናቸው። የቱርክና የቡልጋሪያ ተገዥ የተባሉም ነበሩበት። ከዩክሬናውያኑ መካከል ጦሩ እንዲቀበላቸው ሩሲያ ነው የተወለድነው ያሉ ነበሩ። በ1917 ደግሞ ከጠላት አገር መጥተው ከመጋቢት 1902 በኋላ ዜግነት ያገኙ ሰዎች የመምረጥ መብታቸው ተነጠቀ። እንዲህ ባለ ጊዜ «ምን ነህ?» የሚለው ጥያቄ መልሱ ዋጋ ያስከፍላል። «ግሪክ ነኝ» ያለውን ሰው ዋሽቷል ማለት አልችልም። መንደሩ በሕግ ግሪክ ነው። ራሱን ግሪካዊ ብሎ ያምናል ማለትም አልችልም።

እማማ ከዘጌ ናቸው (ልጃቸው ነኝ የምጽፍላቸው)

እናቴ ጥያቄውን አንብቤላቸው ይህን ጻፊ አሉኝ። እሳቸው ያሉትን እንዳለ አስቀምጣለሁ።

«አባቴ በወጣትነቱ ወደ አስመራ ተሻግሮ ለጣሊያን ተቀጠረ። ትሪፖሊ ወርዷል። በኋላ ሙንታዝ፣ ማለትም አስር አለቃ፣ ሆኖ ነበር። ሲያጫውተን እንዲህ ይል ነበር። እዚህ ስሆን የዘጌ ሰው ነኝ። ጎንደር ስወጣ ከጣና ማዶ የመጣ ይሉኛል። አስመራ ስደርስ አማራ አሉኝ። ትሪፖሊ በመርከብ ስንወርድ ከትግሬው፣ ከሐማሴኑ፣ ከሁሉም ጋር አንድ ላይ ሐበሻ ሆንን። በጣሊያን ወረቀት ላይ ደግሞ ከኤርትራ ጦር ተቆጠርኩ። የትኛው ነው ልክ ብለን ስንጠይቀው ይቆጣ ነበር። ሁሉም እኔ ነኝ፣ የጠየቀኝ ሰው ነው የተለየው ይል ነበር። ልጅቷ ለነዚያ ሰዎችም ይህን ትጻፍላቸው።»

እኔ የምጨምረው የለኝም።

ሰብለ ከፔዳ

እማማ፣ ዕድሜ ይስጥልኝ። አባትዎ ያሉትን አድቫይዘሬ ፊት አነበዋለሁ። ከፈቀዱልኝ ስማቸውን ሳልጠቅስ ጽሑፌ ውስጥ አስገባዋለሁ።

ዮናስ ከሲልቨር ስፕሪንግ

የዳንግላ ልጅ ነኝ፣ አሜሪካ ነው ያለሁት። ሰብለ፣ የሚረዳሽ ነገር ሳይኖረኝ አይቀርም።

ከእነዚያው መንደሮች የወጡ ሰዎች አሜሪካም ገብተዋል። ኢሊኖይ ውስጥ ግራኒት ሲቲ የብረት ፋብሪካ ውስጥ የሠሩ ብዙ ነበሩ። አሜሪካ በ1917 ወደ ጦርነቱ ስትገባ ለውትድርና ዕድሜ የደረሰውን ወንድ መዘገበች። በሦስት ዙር 24 ሚሊዮን ገደማ ካርድ ተሞልቷል፣ ዜጋውም የውጭ ሰውም። ካርዶቹ ዛሬ ይገኛሉ።

አሁን ልብ በይ። አሜሪካ በዚያ ጦርነት በቱርክ ላይም በቡልጋሪያ ላይም ጦርነት አላወጀችም። ስለዚህ ግራኒት ሲቲ ያለው የዤሌቮ ሰው ከየትም ነኝ ቢል በጠላት አገር ሰውነት የሚያሳስረው አልነበረም። ቶሮንቶ ያለው የአጎቱ ልጅ ግን ነበረበት። የአንድ መንደር ሰዎች፣ በአንድ ዘመን፣ በሁለት አገር። አንዱ ጋ መልሱ ያስከፍላል፣ አንዱ ጋ አያስከፍልም። ጎን ለጎን አስቀምጠሽ እያቸው። ቶሮንቶ ላይ የጠፋ ቃል ግራኒት ሲቲ ላይ ከተገኘ፣ ፍርሃቱ ምን ያህል እንደሠራ ታያለሽ።

የ1917ቱ ካርድ ዜጋ ካልሆንክ የየትኛው አገር ተገዥ ነህ ብሎ ይጠይቃል። «ዘር፣ ይገለጽ» የሚል መስመርም አለው። ነጭ ብሎ የተጻፈበት አለ፣ የሕዝቡን ስም የተናገረም አለ። የካርዱን ታችኛ ግራ ጥግ እዪው። «ሰውየው የአፍሪካ ዘር ካለበት ይህን ጥግ ቅደደው» የሚል ትእዛዝ ታትሞበታል። እኛ በዚያ ቀን እዚያ ብንሰለፍ የዳንግላ፣ የዘጌ፣ የጎንደር የሚል ነገር አይጠየቅም ነበር። ጥጉ ተቀድዶ ያልቃል። የመቄዶንያው ሰው ቢያንስ የሚጻፍበት መስመር አግኝቷል። ያንን ካርድ ባየሁ ቁጥር ያናድደኛል።

የመርከብ መዝገቡንም አትርሺ። ከ1899 ጀምሮ የአሜሪካ የኢሚግሬሽን መሥሪያ ቤት የሕዝቦች ዝርዝር ነበረው። «ቡልጋሪያዊ፣ ሰርቢያዊና ሞንቴኔግሮአዊ» አንድ ላይ አንድ መደብ ነበሩ። ግሪክ ለብቻው ነው። መቄዶንያዊ ነኝ ብሎ ቢጮህም ከሁለቱ አንዱ ውስጥ ነው የሚገባው።

ሁለት ማስጠንቀቂያ። አንደኛ፣ የአሜሪካን ወታደሮች ሙሉ ፋይል እንደ ካናዳው አታገኚም። ሐምሌ 1973 ሴንት ሉዊስ ያለው ማከማቻ ተቃጥሎ፣ ከ1912 መጨረሻ እስከ 1959 መጨረሻ ከምድር ጦሩ የተሰናበቱት ወታደሮች ፋይል 80 በመቶ ገደማው ጠፍቷል። ካርዶቹ ግን ሌላ ቦታ ስለነበሩ ተርፈዋል። ሁለተኛ፣ የዜግነት ወረቀቶቹን ፈልጊ። ግንቦት 1918 በወጣው ሕግ ጦሩ ውስጥ ያለ የውጭ ሰው ቶሎ ዜጋ መሆን ይችላል። እዚያ ሲምል የድሮውን ገዥውን በስም ይክዳል። የቱርኩን ሱልጣን ነው የካደው? የግሪኩን ንጉሥ? ሥዕሉ እዚያ ይጠራል።

ጡረተኛው ከሽምብጥ

ዮናስ ጎሽ! ይህ ነው ሥራ።

ሰብለ፣ አድቫይዘርሽን አትጣያቸው። ሠንጠረዥ መፈለጋቸው ስህተት የለውም፣ ያለ ሠንጠረዥ ሺህ ሰው አይጠናም። ዓምዱን አትዝጊው፣ ከፋፍይው። የመንደሩ ስም እንደተጻፈው። የተጻፈው አገር። የተጻፈበት ቀን። ማን ጠየቀው፣ መልማይ፣ ሐኪም ወይስ የደመወዝ ክፍል። ሃይማኖቱ። ፊርማው በምን ፊደል ነው። ሰውየው በፋይሉ ውስጥ ሦስት ጊዜ ከተጠየቀ ሦስት መደዳ ይኑረው። መቶኛውን ከዚያ ያውጡት። ያን ጊዜ የሚቆጠረው የተሰጠው መልስ ነው። የሰው ዘር ቆጠርን ብሎ የሚያስዋሽ ነገር አይኖርም።

የደመወዝ ወረቀቱን በደንብ ፈትሺ። ወታደር ገንዘብ ለማን እንደሚላክለት ሲናገር አይቀልድም። የእናቱን ስም፣ የመንደሩን ስም፣ አጠገቡ ያለውን ፖስታ ቤት በትክክል ያጽፋል፣ ካልሆነ ብሩ አይደርስም። ኑዛዜ ካለም እንደዚያው።

ደረጀ

ጋሼ ያሉት ይሻላል፣ እኔም እቀበላለሁ። «ቡልጋሪያ» የሚለው መልስ በቦታው እስካለና እስካልተቀየረ ድረስ ቅሬታ የለኝም። ሰብለ፣ ሌላው ወገን ሲጫንሽ ግን እንዳትለውጪው።

ሰብለ ከፔዳ

ቃል እገባለሁ ደረጀ፣ አንድም ቃል አልቀይርም። «መቄዶንያ» ያለውንም እንዲሁ፣ የአውራጃ ስም ነው ብዬ አልሰርዝበትም።

ዛሬ ጠዋት ከአድቫይዘሬ ጋር ተገናኘን። የተከፋፈለውን ሠንጠረዥ አሳየኋቸው። መጀመሪያ ምዕራፉ ይንዛዛል ብለው ነበር። ያንን ባለ ሦስት አገር ሰው ፋይል ከፍቼ አስነበብኳቸው። ወረቀቱን አገላብጠው አገላብጠው «ይሁን፣ ግን የአሜሪካውን ንጽጽር ጨምሪበት» አሉ። ዮናስ፣ ሥራ አበዛህብኝ፣ ተባረክ። ግራኒት ሲቲ ያሉትን ካርዶች በመንደር ስም ስፈልግ ግን አንድም አልመጣልኝም። ምን ብዬ ልፈልግ?

ዮናስ ከሲልቨር ስፕሪንግ

በመንደር ብቻ አትፈልጊ። «ሞናስቲር» ብለሽ ጀምሪ። የኦቶማን ጠቅላይ ግዛቱ ስም ነው፣ ቢቶላም፣ ሌሪንም፣ ዛሬ ካስቶሪያ የምትባለው ኮስቱርም፣ ከተሞቹ ሁሉ እሱ ሥር ነበሩ። ብዙ ሰው ለጸሐፊው እንዲገባው እሱን ነበር የሚሰጠው። ከዚያ «ቱርክ» ብለሽ አጣሪ። ስሞቹ ላይ መጨረሻቸው «ኦፍ» የሆኑትን ለይ። የመንደሩን ስም በ1918ቱ ካርዶች ላይ የምታገኚው ምናልባት የቅርብ ዘመድ የሚለው መስመር ላይ ነው፣ ሚስቱ ወይም እናቱ እዚያው ከቀረች። አምስት ስድስቱን ካርድ አውርደሽ እዚህ ለጥፊ፣ ጽሕፈቱን አብረን እንፈታዋለን። ጋሼ የእጅ ጽሑፉን ያዩልናል።